አስፋልት ያልዋጠው የበቅሎ መንገድ

የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይነሳና በቦታው የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ዕቅድ በወጣ ቁጥር ለተከራካሪዎቹ ገና ከጅምሩ ስም ይወጣላቸዋል። መንገዱን የሚፈልጉት የልማት ሰዎች ይባላሉ፤ የሚቃወሙት ደግሞ ጊዜ የተረፋቸው፣ ዛፍና ወፍ የሚያሳስባቸው፣ ለትናንት የሚያለቅሱ ናቸው ይባላል። ክርክሩ በዚህ መልክ ከተያዘ መጨረሻው የታወቀ ነው፤ አንዱ ወገን የመኪና ቁጥርና የደቂቃ ስሌት ይዞ ሲመጣ ሌላው ስሜቱን ብቻ ይዞ ይቆማል። ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ከተማ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር መንገድ ታሪክ ግን ይህን አከፋፈል ያፈርሰዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን መስመር የመኪና መንገድ ለማድረግ የመንግሥት ጥናት ተጠናቅቆ፣ ትልልቅ ደጋፊዎችም አግኝቶ ነበር። ዕቅዱን ያስቆሙት ሰዎች ተፈጥሮ ወዳዶች መሆናቸው አይካድም። ዛሬ ላይ ሆነን ስንመዝነው ግን ከፍቅራቸው ይልቅ ሚዛን የሚደፋላቸው አንድ ቀዝቃዛ ስሌት ነው፤ የመኪና መንገድ አንድ ቦታ ቢከለከል ሌላ መስመር ያገኛል፣ ሳይቆራረጥ ረጅም ርቀት የሚሄድ የእግር መንገድ ግን አንዴ ከተበላ በየትኛውም በጀት ተመልሶ አይገጣጠምም።

ስሌቱ እንዲገባን መንገዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማንም ለእግረኛ ብሎ የሠራው አልነበረምና። ከአሌጌኒ ተራሮች ባሻገር ያለውን ሰፊ አገር ከምሥራቁ ጠረፍ ጋር በውኃ ማገናኘት የጆርጅ ዋሽንግተን የቆየ ምኞት ነበር። እሳቸው ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በ1785 የተቋቋመው የፖቶማክ ኩባንያ የወንዙን ፏፏቴዎች በአጫጭር ቦዮች እየዞረ ጀልባ ለማሳለፍ ሞክሯል። ወንዙ ግን አንዴ ይጎድላል፣ አንዴ ይሞላል፤ ለጀልባ የሚመቸው በዓመት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከወንዙ ጎን ራሱን የቻለ ቦይ ይቆፈር ተባለ። ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በዋሽንግተን አቅራቢያ ኮታቸውን አውልቀው የመጀመሪያውን አካፋ አፈር አነሱ። በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ ሌላ ሥነ ሥርዓት ይካሄድ ነበር፤ ከነጻነት መግለጫው ፈራሚዎች መካከል በሕይወት የቀሩት ብቸኛ ሰው ቻርልስ ካሮል የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ሐዲድን ሥራ በይፋ ያስጀምሩ ነበር። ሁለቱም ድርጅቶች የሚፈልጉት ኦሃዮ ወንዝ መድረስን ነው፤ ሁለቱም በየደጋፊዎቻቸው አንደበት የመጪው ዘመን መጓጓዣ ነበሩ። ዘመኑ የማን እንደሚሆን ግን ገንዘቡን ካወጡት፣ መሬቱን ከሰጡት፣ ንግግሩን ካደረጉት መካከል በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ቆየት ብለን እንደምናየው፣ በዚያ ዕለት ለቦዩ የተነገረው ትንቢት እንደተነገረ አልተፈጸመም።

ቦዩ የሚያልፍበት ሸለቆ ጠባብ ነው። ፖይንት ኦፍ ሮክስ በሚባለው ቦታ ተራራው እስከ ወንዙ ስለሚወርድ በመካከል የሚተርፈው መሬት እጅግ ጥቂት ነው። የቦዩና የባቡሩ ኩባንያዎች በዚህ ቁራጭ መሬት ለዓመታት ተካስሰው በ1832 የሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመቅደም መብቱን ለቦዩ ሰጠ። በቁፋሮው ላይ የተሰማሩት በአብዛኛው ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከዌልስና ከእንግሊዝ የመጡ ድኾች ነበሩ። በ1832 ኮሌራ ገብቶ ፈጃቸው፤ በ1834 ደግሞ በዊሊያምስፖርት አካባቢ በሠራተኞች መካከል የተነሳውን ግጭት ለማብረድ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የፌዴራል ጦር ላኩ። የአሜሪካ መንግሥት ወታደሮቹን በሠራተኞች ጉዳይ ያስገባው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወንዙ የሚጠማዘዝበትን ረጅም መንገድ ለማሳጠር ፖ ፖ በተባለው ስፍራ ተራራ ተበስቶ 950 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ተሠራ፤ በ1836 ተጀምሮ በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ 14 ዓመት ፈጀ። ቦዩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ሲሆን ባቡሩ እዚያው ከተማ ከገባ 8 ዓመት አልፎት ነበር። ኦሃዮ የመድረሱ ሐሳብም በዚያው ተቋጨ። ይህን ሁሉ የምናነሳው ለጀግንነት ትረካ አይደለም። በዚያ ሸለቆ ውስጥ አንድ ያልተቆረጠ መስመር ለማግኘት የፍርድ ቤት ሙግት፣ የሰው ሕይወትና 22 ዓመት እንዳስፈለገ ለማስታወስ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ሁለተኛ ጊዜ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ካለ የመጀመሪያውን ዋጋ አልሰማም ማለት ነው።

ሥራ ሲጀምር ቦዩን ያንቀሳቀሰችው በቅሎ ናት። ጀልባዎቹ 28 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ እስከ 120 ቶን የድንጋይ ከሰል ይጭናሉ፤ ሞተር ግን የላቸውም። በረጅም ገመድ የታሰሩ በቅሎዎች በውኃው ዳር በተደለደለ መንገድ ላይ እየሄዱ ይጎትቷቸዋል። ጎታቾቹ በፈረቃ ይሠራሉ፤ ተረኞቹ ሲጎትቱ ሌሎቹ በጀልባው ፊት ለፊት በተሠራላቸው ጋጥ ያርፋሉ። ብዙ ጊዜ በቅሎዎቹን የሚነዱት የጀልባው ባለቤት ልጆች ነበሩ፤ ቤተሰቡም የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው ጀልባው ላይ ነው። በጉዞው ላይ 74 ሎኮች ነበሩ፤ ሎክ ማለት በሁለት በኩል በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ሲሆን ውኃ እየተሞላና እየጎደለ ጀልባውን ደረጃ በደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። የሎክ ጠባቂው አጠገቡ በተሠራለት ቤት ይኖራል፤ ሌሊትም ቢሆን የጀልባ ጥሩምባ ሲሰማ ተነስቶ በሩን ይከፍታል። ከዝቅተኛው ጫፍ እስከ ከፍተኛው ያለው የከፍታ ልዩነት 184 ሜትር ብቻ ነው፤ ገባር ወንዞችንም ቦዩ የሚሻገረው በ11 የድንጋይ የውኃ ድልድዮች ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገመዱ ከተለቀቀ ጀልባው ይቆማል፤ ስለዚህ የበቅሎዋ መንገድ ከውኃው ተለይቶ መራቅ፣ በአጥር መዘጋት፣ ዳገት መውጣት አይችልም። በዋሻው ውስጥ ሳይቀር የበቅሎ መሄጃ በጠርዙ ተሠርቶለታል። ዛሬ ብስክሌተኛው የሚያደንቀው ዝርጋታ፣ ማለትም ለጥ ያለ፣ ሰፊና ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው የማይቋረጥ መሆኑ፣ ለውበት የታሰበ ሳይሆን ሥራው ያስገደደው ነው።

የከሰሉ ንግድ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በ1870ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ባቡሩ እየረከሰ፣ ጎርፉ እየደጋገመ መጣ። የ1889 ጎርፍ ቦዩን ክፉኛ ስላፈረሰው ኩባንያው በፍርድ ቤት በተሾሙ ባለአደራዎች እጅ ገባ፤ አብዛኛው የዕዳ ሰነዱ የማን ነው ሲባል የዚያው የጥንት ተቀናቃኙ የባቡር ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። ባቡሩ ቦዩን አስጠግኖ ሥራ ላይ ያቆየው አዝኖለት አልነበረም፤ ቢሸጥ መስመሩን ሌላ የባቡር ድርጅት ገዝቶ ሐዲድ እንዳይዘረጋበት ሰግቶ ነው። በ1924 ሌላ ጎርፍ መጥቶ የጀልባውን ሥራ ጨርሶ አስቆመው፤ በ1938 የፌዴራሉ መንግሥት ቦዩን በሙሉ ከባቡር ኩባንያው በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እንግዲህ 297 ኪሎ ሜትር መሬት በአንድ ባለቤት እጅ ሳይቆራረስ የቆየው በተከታታይ አጋጣሚዎች ነው፤ አንድ ኩባንያ ገዛው፣ ፍርድ ቤት አጸናለት፣ ተቀናቃኙ ለራሱ ጥቅም ብሎ ጠበቀው፣ በመጨረሻ መንግሥት በአንድ ውል ተረከበው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ በየመንደሩ በቁራጭ ተሸጦ፣ ቤትና አጥር በቅሎበት፣ ዛሬ የቦዩ ነገር በካርታ ላይ ብቻ ይቀር ነበር።

መንግሥት ከገዛው በኋላ በዘመኑ ሥራ አጥ ወጣቶችን የሚያሠማራው የጥበቃ ጓድ ሁለት የጥቁር አሜሪካውያን ምድቦችን አሰማርቶ ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ሰፈር ወደ ላይ ያለውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል አስጠገነ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ሥራው ተቋረጠ። የቀረው ረጅም ክፍል ዳዋ ለበሰ። በ1948 ኮንግረስ መስመሩ ለመኪና መንገድ ይሆን እንደሆነ እንዲጠና አዘዘ፤ በ1950 የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትና የመንገዶች ቢሮ ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ እስከ ከምበርላንድ ፓርክዌይ ሊሠራ ይችላል ብለው ሪፖርት አቀረቡ። ፓርክዌይ የጭነት መኪና የማይገባበት፣ ሰው መልክዓ ምድር እያየ የሚነዳበት መንገድ ነው፤ በ1930ዎቹ በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ የተሠራው ስካይላይን ድራይቭ ብዙ ሰው የወደደው ምሳሌ ነበር። ለዕቅዱ ደጋፊዎች ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ሐሳቡን ያመጡት መሬት ነጋዴዎች አልነበሩም፤ ፓርኮችን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም፤ ቦዩ ፈራርሷል፣ ማንም አይሄድበትም፣ የከተማው ቤተሰብ አሁን መኪና አለው፣ መንገድ ከተሠራለት ሸለቆውን ሺዎች ያዩታል፣ በስተምዕራብ ያሉት የማዕድን ከተሞችም እንግዳ ያገኛሉ ይሉ ነበር። ይህን የሚል ሰው ሞኝም ክፉም አይደለም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው።

ዋሽንግተን ፖስት ጃንዋሪ 3 ቀን 1954 በርዕሰ አንቀጹ ዕቅዱን ደገፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 19፣ ጋዜጣው ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ የመጣ ደብዳቤ አወጣ። ዳግላስ በ1939 የተሾሙ፣ ከሥራ ሲወጡም በፍርድ ቤቱ ታሪክ ከማንም በላይ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ዳኛ ናቸው፤ ያን ጊዜ 55 ዓመታቸው ነበር። ደብዳቤያቸው የቦዩ ዳር ጸጥታ በመኪና ድምፅ እንደሚጠፋ ከገለጸ በኋላ ርዕሰ አንቀጹን የጻፈውን ሰው ሙሉውን መንገድ አብሯቸው በእግሩ እንዲሄድና ከዚያ እንዲፈርድ ይጋብዛል። አዘጋጆቹ ሮበርት ኤስታብሩክና ሜርሎ ፑሲ ግብዣውን ተቀበሉ። ማርች 20 ከከምበርላንድ ተነሱ፤ ከመንገደኞቹ መካከል ኦላውስ ሙሪንና ሲገርድ ኦልሰንን የመሰሉ በተፈጥሮ ጥበቃ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ነበሩ፤ ጋዜጠኞችና የየመንደሩ ሰዎችም ይቀላቀሉ ነበር። ስምንተኛው ቀን ላይ ዋሽንግተን ሲቃረቡ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳያቋርጡ የሄዱት ዳግላስን ጨምሮ 9 ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋዜጣውም ከዚያ በኋላ አቋሙን አለዘበ፤ መንገዱ በቦዩ ላይ እንዳለ ይሠራ ማለቱን ተወ።

ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ልብ መለወጫ ታሪክ ነው፤ አዘጋጆቹ ዛፉንና ወፉን አዩ፣ ተጸጸቱ ይባላል። ከዚያ የሚበልጠው ነገር ርቀቱ ነው። ዳግላስ ሰዎቹን ወደ አንድ ውብ ቦታ ወስደው ሊያሳዩዋቸው ይችሉ ነበር፤ ግሬት ፎልስ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ፏፏቴውም ማንንም ያስደንቃል። እሳቸው ግን የጠየቁት ሙሉውን እንዲሄዱ ነው። በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ካርታ መንገዱ አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ከዚህ ትንሽ ቢነሳለት፣ ከዚያ ትንሽ ቢቀነስለት የሚጎዳ አይመስልም። ስምንት ቀን በእግሩ የሄደበት ሰው ግን የመስመሩ ዋጋ በአንድ በአንዱ ቦታ ሳይሆን በመያያዙ እንደሆነ ያውቃል። አስር ኪሎ ሜትሩ ሲቆረጥ የሚጠፋው አስር ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ የቀረው ሁሉ ከረጅም መንገድነት ወደ ብዙ አጫጭር መናፈሻነት ይወርዳል። የመኪና መንገድ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ነጂው አስር ኪሎ ሜትር ቢዞር የሚከፍለው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ቤንዚን ነው፤ ከመድረሻው አይቀርም።

ታሪኩ ራሱ ይህን በተግባር አረጋግጦታል። ፓርክዌዩ ባይሠራም ምዕራብ ሜሪላንድ ያለ መንገድ አልቀረም። ዛሬ ከዋሽንግተን ወደ ፍሬድሪክ የሚወስደው ኢንተርስቴት 270፣ ከፍሬድሪክ ወደ ሃንኮክ የሚወስደው ኢንተርስቴት 70፣ ከሃንኮክ ወደ ከምበርላንድ የሚወስደው ኢንተርስቴት 68 አሉ። የመጨረሻው በ1991 ሥራው ሲጠናቀቅ ሳይድሊንግ ሂል የተባለውን ተራራ ሰንጥቆ ነው ያለፈው። መሐንዲስ ተራራ ሊቆርጥ፣ ሸለቆ ሊሞላ፣ ድልድይ ሊዘረጋ ይችላል፤ ሥራው ያ ነው፤ ለዚያም በጀት ይመደብለታል። በሦስቱ አውራ ጎዳናዎች ላይ በአንድ ሳምንት የሚያልፈውን ጭነትና መንገደኛ ያ የታቀደው የመዝናኛ መንገድ ሊሸከመው አይችልም ነበር፤ ለጭነት መኪና ዝግ ነበርና። በሌላ በኩል ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ ያልተቋረጠ የእግርና የብስክሌት መንገድ ከባዶ ልሥራ ቢል ከስንት ባለይዞታ መግዛት፣ ስንት ፍርድ ቤት መቆም፣ ስንት ሐዲድና ጎዳና መሻገር እንዳለበት ማሰብ በቂ ነው። አንደኛው ምትክ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። ሁለቱ ሲጋጩ ምትክ ያለው ይዙር ማለት ከፍርድ ሁሉ ቀላሉ ነው።

በዚህ ፍርድ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ መንገዱ ቢሠራ ሺዎች ያዩት የነበረውን ሸለቆ ጥቂት ጉልበት ያላቸው መንገደኞች ብቻቸውን ወሰዱት ይባላል። በ1954 ይህ ወቀሳ እውነት ይመስል ነበር፤ ሙሉውን የሄዱት 9 ሰዎች ነበሩና። ዛሬ ግን ፓርኩ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጉብኝት ያስተናግዳል፤ በአብዛኛው መንገዱ ላይ መግቢያ አይከፈልም። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዱ በሆነው በዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖር ወገናችን ቅዳሜ ልጁን ብስክሌት የሚያለማምድበትን ለጥ ያለ መንገድ ያገኘው የመኪና መንገዱ ዕቅድ ስለተረታ ነው። መንገዱ ለመኪና ቢሰጥ ኖሮ ልጁም፣ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው እናቱም፣ መኪና ለመግዛት አቅም ያላገኘ አዲስ ገቢም ከሰልፉ ይወጡ ነበር። እርግጥ እግሩ የማይሄድለት ሰው አለ፤ ጠጠር መንገድም ለሁሉ አይመችም። መፍትሔው ግን በቦዩ ርዝመት ልክ አስፋልት ማንጠፍ አይደለም፤ በየቦታው ከጎን እየመጡ መንገዱን የሚነኩ መግቢያዎችና መኪና ማቆሚያዎች ናቸው። አቋርጦ የሚመጣ መንገድ ሰው ያመጣል፤ በላዩ ተጋድሞ የሚሄድ መንገድ ግን የመጡበትን ነገር ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገበያ ነው፤ ለከምበርላንድ የሚያስፈልጋት እንግዳ ነበር፣ እንግዳም የሚመጣው በመኪና ነው ይላል። መልሱን የሰጠው ጊዜ ነው። ከምበርላንድን ከፒትስበርግ ጋር የሚያገናኘው 241 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የተባለው የብስክሌት መንገድ፣ ባቡር በተወው መስመር ላይ ለብዙ ዓመታት በክፍል በክፍል ሲሠራ ቆይቶ በ2013 ተጠናቀቀ። ፒትስበርግ ኦሃዮ ወንዝ የሚጀምርበት ከተማ ነው። በ1828 ለቦዩ የተገባለት ቃል፣ ከዋሽንግተን ኦሃዮ መድረስ፣ በጀልባ ሳይሆን በብስክሌት ተፈጸመ። ከምበርላንድም የሁለት ረጅም መንገዶች መገናኛ ሆና በሁለቱም በኩል የሚመጣ መንገደኛ የሚያድርባት፣ የሚበላባት፣ ጎማ የሚያስጠግንባት ከተማ ሆናለች። በመኪና የሚያልፍ ሰው ከተማዋን በመስኮት አይቶ ሊያልፋት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የዋለ ሰው ግን ማረፊያ ሳይፈልግ አያልፍም። ደግሞም ይህ ሁለተኛ መንገድ ትርጉም ያገኘው የመጀመሪያው ሳይቆረጥ ስለጠበቀው ነው። በ1954 የቦዩ ዳር ለመኪና ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ የፒትስበርጉ መንገድ ከምበርላንድ ላይ ግድግዳ ይገጥመው ነበር።

ሦስተኛውና ብልጡ ተቃውሞ ለምን ሁለቱም አይሆኑም የሚለው ነው፤ መኪናውም ይሂድ፣ እግረኛውም በጎኑ ይሂድ። አንዳንድ ቦታ ይቻላል። በቦዩ ታችኛው ክፍል ዛሬ ክላራ ባርተን ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ከቦዩ አጠገብ ይሄዳል፤ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ የእግሩ መንገድ ግን አልጠፋም፤ አስፋልቱ በጎኑ እንጂ በላዩ አልተነጠፈምና። ይሁን እንጂ "ሁለቱም" የሚለው ቃል ሲፈጸም ማን ቀድሞ ማን እንደሚጠብቅ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን ከቤተዝዳ የሚያገናኘው የካፒታል ክሬሰንት መንገድ ክፍል ጥሩ ምስክር ነው። ባቡር በ1985 ያቆመበትን ይህን መስመር የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1988 ሲገዛው ለሕዝብ ትራንስፖርትም ለእግር መንገድም አስቦ ነው፤ ስለዚህ ፐርፕል ላይን የተባለው ቀላል ባቡር ሲመጣ ዱብ ዕዳ አልነበረም፤ ባቡሩም መኪና የሌለውን ሰው የሚጠቅም ነገር ነው። ቢሆንም በ2017 ሥራው ሲጀመር የተዘጋው የእግሩ መንገድ ነው፤ በ2022 ይከፈታል የተባለው ባቡር ከአምስት ዓመት በላይ ሲገፋ የእግረኛውም ተስፋ አብሮ ተገፋ። ጥሩ ዓላማ ላለው ባቡር እንዲህ ከሆነ ለመኪና ጎዳና ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ሁለቱንም እንሠራለን የሚል ዕቅድ የሚታመነው ትንሹ ቀድሞ ሲሠራና መንገዱ አንድም ቀን ሳይዘጋ አማራጭ መሄጃ ሲዘጋጅለት ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው። ፖቶማክ አሁንም ይሞላል፤ በ1936፣ በ1972፣ በ1985፣ በ1996 ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ጎርፍ መጥቶ የቦዩን ዳርና የድንጋይ ሥራዎቹን አፍርሷል። ይህን ሁሉ እየጠገኑ መኖር ውድ ነው የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚጎዳው ከሁሉ በፊት የመኪናውን መንገድ ነው። ጎርፍ በሚወጣበት በዚያው ሜዳ ላይ አስፋልትና ድልድይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያው ውኃ ይመጣበት ነበር፤ የታጠበ የአፈር መንገድ በጠጠርና በሮለር ይመለሳል፣ የተቦረቦረ አስፋልት መሠረት ግን ሌላ ፕሮጀክት ይፈልጋል። ቦዩን ሁለት ጊዜ ከሥራ ያስወጣው ጎርፍ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያንኑ ዳር ለከባድ ግንባታ አይመርጥም ነበር። ታሪክ ማወቅ እዚህ ላይ የመሐንዲስ ሥራ ያግዛል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ደስ የማያሰኝ እውነት አለ፤ መንገዱ የተረፈው ተከራካሪው ተራ ሰው ስላልነበረ ነው ሊባል ይችላል። አንድ የመንደር መምህር ያንኑ ደብዳቤ ቢጽፍ አዘጋጆቹ ቦት ጫማቸውን አያጠልቁም ነበር። በሥራ ላይ ያለ ዳኛ የሕዝብ ዘመቻ መምራቱ ይገባል ወይ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ከእግር ጉዞው ይልቅ ከዚያ በኋላ ለመጣው አሰልቺ ሥራ ክብር መስጠት የሚሻለው። ከጉዞው የተወለደው ኮሚቴ የቦዩ ማኅበር ሆኖ ቀጠለ፤ የፓርኮች አገልግሎትም ቆይቶ ፓርክዌዩን ተወው። በኮንግረስ የቀረቡት የፓርክ ረቂቆች ግን ከወንዙ የግድብና የውኃ ጥቅም በሚፈልጉ ወገኖች ተቃውሞ ጭምር እየተንከባለሉ ቆዩ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሥልጣን ሊለቁ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1961፣ ቦዩን ብሔራዊ ሐውልት ብለው ሰየሙት፤ ሳይጠየቅ በመታለፉ የተቆጣው ኮንግረስ ገንዘብ ነፈገው። ጃንዋሪ 8 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ከደብዳቤው እስከ ሕጉ 17 ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ዳግላስን የማያውቅ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ዕቅዱ ሊነሳ ይችል ነበር፤ ያቆመው ዝና ሳይሆን በሕግ የተጻፈ ድንበር ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሌሎች ከተሞች የሚወጣው ትምህርት መኪና መንገድ አይሠራ የሚል አይደለም። መንገድ ያስፈልጋል፤ አምቡላንስ፣ ጭነት፣ አውቶቡስ የሚሄዱት በመንገድ ነው። ትምህርቱ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ዛሬ በአብዛኛው ቦታ የእግር መንገዱ ተከሳሽ ነው፤ ስንት ሰው ይሄድብሃል፣ ምን ታስገባለህ ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱ ካነሰ ይፈረድበታል። በ1954 ይህ መስፈርት ተሠርቶበት ቢሆን ኖሮ የፖቶማኩ መንገድ ይሸነፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም አይሄድበትም ነበርና። ትክክለኛው አሠራር ተገላቢጦሹ ነው። መንገዱን የሚያቅደው ወገን ሌላ መስመር እንደሌለ በጥናት ያሳይ፤ የሚቆርጠውን መንገድ በርዝመት ብቻ ሳይሆን በመያያዙም የሚተካ ምትክ አስቀድሞ ሠርቶ ያስረክብ፤ ይህን ማድረግ ካልቻለ ይዙር። ተቃዋሚውም በበኩሉ መቆጣቱ በቂ አይደለም፤ ይዞታው የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ እንደተጠበቀ፣ የሚመለከተው ውሳኔ በየትኛው ወንበር እንደሚሰጥ አውቆ ዕቅዱ ሳይመጣ በፊት ድንበሩን በሕግ ማስጻፍ አለበት። ረጅምና ያልተቆረጠ የእግር መንገድ ያለው ከተማ ያለፉት ትውልዶች ሳያስቡት ያቆዩለትን ንብረት ይዟል፤ ለመሸጥ አንድ ስብሰባ ይበቃል፣ መልሶ ለመግዛት ግን የትኛውም ምክር ቤት ሥልጣን የለውም።